ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ

ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ የሚሆን ሰላምታ በአማርኛ የለንም። «እንደምን አመሻችሁ» አልፎበታል። «እንደምን አደራችሁ» እንዳይባል ገና ማንም አላደረም። «ደህና እደሩ» ደግሞ ስንብት ነው። የመጀመሪያውን ሌሊት ማይኩን ስከፍት ይህ ነገር ድንገት ገጠመኝ። ሦስት አራት ሴኮንድ ያህል ዝም አልኩና «ነቅታችሁ ያላችሁ ሁሉ፣ እኔም አለሁ» አልኩ። ሰባት ዓመት አለፈው፤ አሁንም የምጀምረው በዚያው ነው።

ሐሙስ ለዓርብ አጥቢያ፣ ከ6 እስከ 8 ሰዓት። የሬዲዮ ጣቢያችን ከዋሽንግተን ዲሲ ወጣ ብሎ፣ ከአንድ ላውንደሪ በላይ ያለች አንዲት ክፍል ናት። ደረጃውን ስወጣ የሳሙናና የሞቀ ጨርቅ ሽታ እስከ በሩ ይከተለኛል። ሁላችንም በጎ ፈቃደኞች ነን። የማሰራጫው ጉልበት 100 ዋት ነው፤ ልጅ ሳለሁ ሳሎናችን መሐል ተንጠልጥሎ የነበረው አምፖል ያህል መሆኑ ነው። ሞገዱ 5 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ሄዶ ይደክማል። እንዲህ ላሉ ትንንሽ ጣቢያዎች አሜሪካ ፈቃድ መስጠት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። ትላልቆቹ ጣቢያዎች «ሞገዳችንን ይረብሹብናል» ብለው ስለተከራከሩ ግን ለብዙ ዓመት ትልቅ ከተማ ውስጥ ቦታ ማግኘት አልቻሉም ነበር። በሩ የተከፈተው በ2011 መጀመሪያ ላይ በተፈረመ ሕግ ነው። እኔ ዛሬ ማይክ ፊት የምቀመጠው በዚያ ሕግ ምክንያት ነው፤ ለዚህ የተሟገቱትን ሰዎች አንዳቸውንም አላውቃቸውም፤ ግን ብዙ ጊዜ አስባቸዋለሁ።

የማጫውተው የሙከራ ሙዚቃ የሚባለውን ነው፤ በቀን የሚጫወት አይደለም። አንድ ድምፅ ብቻ ተይዞ ለአንድ ሰዓት የሚጎተትበት ሥራ አለ። ቴፑ የተጨማደደ ካሴት፣ ሲጥ ሲጥ የሚል በር፣ ቢላ የተሳለበት ሲምባል፣ በሰው ምድር ቤት ውስጥ ለ20 ሰው ተጫውቶ የተቀዳ ሳክስፎን። ብዙ ሰው «ይህ ደግሞ ሙዚቃ ነው?» ይላል። ጥያቄውን አከብረዋለሁ፤ የኔ መልስ ግን ከአባቴ ሬዲዮ ነው የሚጀምረው።

አባቴ ደብረ ማርቆስ አስተማሪ ነበር። አመሻሽ ላይ ሬዲዮኑን ጉልበቱ ላይ ያደርግና በአጭር ሞገድ የጀርመን ድምፅን ወይም የአሜሪካ ድምፅን አማርኛ ይፈልጋል። የመጀመሪያው በአማርኛ ማሰራጨት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1965፣ ሁለተኛው በ1982 ነው፤ እኔ ነፍስ ሳውቅ ሁለቱም ነበሩ። ድንጋዩ ሲደክም አራቱንም አውጥቶ፣ እንደ በርበሬ ሰፌድ ላይ ደርድሮ ፀሐይ ላይ ያሰጣቸዋል። እናቴ ስለ ሰፌዷ ትቆጣለች። ማታ ሲመልሳቸው ሬዲዮኑ እንደገና ነፍስ ይዘራል፤ ለአንድ ምሽት፣ ቢበዛ ለሁለት።

ጣቢያው እስኪገኝ ድረስ ያለውን ጊዜ ነው ግን የምወደው። ፉጨት። ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ካፊያ ያለ ድምፅ። ከሩቅ መጥቶ ተመልሶ የሚሄድ የዐረብኛ ዘፈን ጭራ። ቲት ቲት የሚል መልእክት፣ ከማን ወደ ማን እንደሚሄድ የማይታወቅ። ከዚያ ደግሞ እንደ ወፍጮ ቤት የሚያጓራው የሞገድ ማፈኛ። ማን እንደሚያፍነው አባቴ ጮክ ብሎ አይናገርም፤ ድምፁን ቀንሶ ጆሮውን ወደ ሬዲዮኑ ያስጠጋል እንጂ። እሱ ከዚያ ሁሉ ውስጥ የሚፈልገው የሰው ንግግር ነበር። እኔ የምፈልገው ሌላውን ነበር። ጣቢያውን አግኝቶ እጁን ከመቃኛው ሲያነሳ ቅር ይለኛል።

አንድ ቀን «አባዬ፣ ትንሽ ወደ ኋላ መልሰው» አልኩት።

«ምን ልትሰሚ?»

«ያንን የሚያፏጨውን።»

ዜናው ሊጀምር ነበር። አየት አደረገኝና መለሰው። ምናልባት ግማሽ ደቂቃ ነው የቆየው፤ ሁለታችንም ፉጨቱን ሰማን። ከዚያ በኋላ የሰማሁትን የሙከራ ሙዚቃ ሁሉ የምለካው በዚያች ግማሽ ደቂቃ ነው።

አማርኛ ለዚህ ያለው ቃል ያስደንቀኛል። ክራርም ይቃኛል፣ ሬዲዮም ይቃኛል። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ ቅኝት ናቸው፤ አባቴ በአውራ ጣቱ የሚያዞራት ትንሿ ጥርሳም ጎማም መቃኛ ናት። ጦር ፊት የሚሄድ ሰውም ይቃኛል። እ.ኤ.አ. ከ1943 እስከ 1977 አስመራ የነበረው የአሜሪካ ጦር የሬዲዮ ማዳመጫ ጣቢያ ራሱ «ቃኘው» ነበር የሚባለው። ስሙ ኮሪያ ከዘመተው የእኛ ሻለቃ የተወሰደ ነው፤ የሻለቃው ስም ደግሞ ከራስ መኮንን ፈረስ መጣ ይባላል። ክሩን አጥብቆ ማስተካከል፣ ሞገድ ፈልጎ ማግኘት፣ ጨለማ ውስጥ ያለውን ማድመጥ በአንድ ቃል የተያዘበት ቋንቋ ተናጋሪ ሆኜ ለዚህ ሥራ እንግዳ ነኝ ብዬ አላስብም።

እንግዳ አለመሆናችንን ያረጋገጠልኝ ሌላም ሰው አለ፤ ግብፃዊው የሙዚቃ ደራሲ ሃሊም ኤል-ዳብ። እ.ኤ.አ. በ1944 ካይሮ ውስጥ ከአንድ ሬዲዮ ጣቢያ በብረት ክር የሚቀዳ መቅጃ ተውሶ የሴቶች የዛር ሥርዓት ቀዳ። ከዚያ ጣቢያው ስቱዲዮ ገብቶ ድምፁን ይሸረሽረው ጀመር። የሴቶቹን ድምፅ መነሻ እያስወገደ፣ ከላይ የሚንሳፈፈውን ብቻ እያስቀረ፣ በሚያስተጋባ ክፍል ውስጥ እያሳለፈ መልሶ ቀዳው። በድምፅ መቅጃ የሚሠራ ሙዚቃ ሲወሳ ሁልጊዜ ቀድሞ የሚጠራው ፈረንሳዊው ፒየር ሼፈር የባቡር ድምፁን ያቀናበረው በ1948 ነው። ያም ሥራ የተሠራው ሬዲዮ ጣቢያ ውስጥ ነው።

የሃሊም ሥራ የተረፈው ቅንጭብ ሁለት ደቂቃ ገደማ ቢሆን ነው። መጀመሪያ የሰማሁት በሄድፎን፣ እዚችው ስቱዲዮ ውስጥ ነው። ቃል የለውም። ከግድግዳ ጀርባ ብዙ ሴቶች የሚያንጎራጉሩ ይመስላል፤ አፋቸው ተወስዶ ትንፋሻቸው ብቻ የቀረ። አያቴ ቤት የነበረች ሴት ነበረች፤ ዛር አለባት ይባላል። ቡና ተፈልቶ እጣን ሲጨስ ከጓዳ የሚሰማው ማንጎራጎሯ ትዝ አለኝና ሄድፎኑን አወለቅኩ። ወደ ግብፅ ዛሩን ያደረሰችው ኢትዮጵያ ናት የሚሉ አጥኚዎች ብዙ ናቸው። ሃሊም ራሱም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ መጥቶ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አስተምሯል፤ ክራርን፣ ማሲንቆን፣ ዋሽንትን፣ በገናን አንድ ላይ ያስቀመጠውን ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን የመሠረተው እሱ ነው። ከዚያ እዚህ ዋሽንግተን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ። በ2017፣ በ96 ዓመቱ አረፈ። ይህን ታሪክ በአየር ላይ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ተናግሬዋለሁ፤ በዓመት አንድ ጊዜ ሳልደግመው አላልፍም። በአዲስ አበባ ስንት ሰው ያውቀዋል ብዬ ሳስብ ይቆጨኛል።

የስቱዲዮው ስልክ አይጮህም፤ ቀይ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል። በመጀመሪያዎቹ ወራት አንዴም አልበራም። ከዚያ ቀስ በቀስ ሰው መጣ። ደዋዮቼ ከግማሽ በላይ ሐበሾች መሆናቸው እኔንም ገርሞኛል፤ ግን ሊገርመኝ አይገባም ነበር። በዚህ ከተማ ሌሊት ነቅቶ የሚያድረው ማን ነው? ፓርኪንግ ውስጥ በመስታወት ሳጥን የተቀመጠው፣ ሱቅ ውስጥ ሌሊቱን የሚያነጋው፣ ሆስፒታል ሺፍት ያለባት፣ ኤርፖርት ተራ የሚጠብቀው ሰው ነው። ሙዚቃውን ፈልገው አይደለም የመጡት። ጣቢያ ሲቀያይሩ አማርኛ ሰምተው ነው የቆሙት፤ ከንግግሬ በኋላ የሚመጣውን ሳይጠብቁት አገኙት።

የአዛውንቶች መጦሪያ ውስጥ ሌሊት የምትሠራ አንዲት ሴት ደወለች። «እህቴ፣ ሬዲዮናችሁ ተበላሽቶ ነው እንዴ? ይነዝራል» አለች። ተበላሽቶ እንዳልሆነ ነገርኳትና በጾም በገና ትሰሚያለሽ ወይ አልኳት። በገና እንዲነዝር ተደርጎ ነው የሚሠራው። 10 አውታር አለው፤ በአውታሩና በብርኩማው መሐል እንዚራ የምትባል ቁራጭ ቆዳ ትገባለች፤ ያ እንደ ንብ ቀፎ ያለ ድምፅ የሚመጣው ከእሷ ነው። ቆዳዋ ብትወጣ ድምፁ ጥርት ይላል፤ በገናነቱ ግን አይኖርም። ሴትየዋ ትንሽ ዝም ብላ «እሱማ ጸሎት ነው» አለችኝ።

ይህን መልስ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ልክ ናት፤ እኔ የማጫውተው ጸሎት አይደለም፤ ነው ብዬም አልከራከርም። ነገር ግን ጆሮዋ ያንን ንዝረት ለአንድ ሰዓት ሙሉ፣ ሳይቸኩል መቀበል ያውቅበታል። ማንም ሙዚቃ ትምህርት ቤት አላስገባትም። በሚቀጥለው ሳምንት እንደገና ደወለች፤ ስለ ሌላ ሥራ ለመጠየቅ።

የጌታቸው መኩሪያን ሳክስፎን ሳጫውት ማንም «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ አይደውልም፤ የሚደውሉት ለመጮህ ነው። ጌታቸው ሽለላና ፉከራን ከአዝማሪው አፍ ወስዶ ቴነር ሳክስፎን ላይ ጫነው። በአሜሪካ ፍሪ ጃዝ የሚባለው ሙዚቃ ስም ሳይወጣለት በፊት ማለት ነው። ያ የሚሰነጠቀው፣ የሚያቃስተው፣ ድንገት ወጥቶ የሚጋልበው ድምፅ ለሆላንዱ የፓንክ ቡድን ለዘ ኤክስ ራሳቸው የሚፈልጉት ነገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2004 ጋበዙት፣ በ2006 አብረው አልበም አወጡ። ሰባ ዓመት ያለፈው ሰውዬ አንበሳ የሚያክል ጎፈር ደፍቶ ከኤሌክትሪክ ጊታሮች ፊት ሲፎክር ያየ ሰው፣ የሙከራ ሙዚቃ የፈረንጅ ነው ብሎ አይከራከረኝም።

ታክሲ ነጂዎቹ ደግሞ ኃይሉ መርጊያን ሳነሳ ነው የሚሞቁት፤ የእነሱ ሰው ነውና። ከዋልያስ ባንድ ጋር እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካ መጣ፤ እዚሁ ቀረ፤ ታክሲ ነዳ። በ1985 ብቻውን፣ በአኮርዲዮን፣ በሙግ ሲንተሳይዘር (በኤሌክትሪክ ድምፅ የሚፈጥር መሣሪያ ነው) እና በኤሌክትሪክ ከበሮ አንድ ካሴት ሠራ። ካሴቱ ተረሳ። ከብዙ ዓመት በኋላ አንድ አሜሪካዊ ባሕር ዳር ውስጥ አገኘው፤ በ2013 እንደገና ታተመ። ኃይሉ ታክሲው የኋላ ኮፈን ውስጥ ኪቦርድ ይዞ ይዞር ነበር፤ ደላስ ኤርፖርት ተራ ሲጠብቅ የኋላ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ይለማመድ እንደነበር ራሱ ተናግሯል። ያንን ካሴት ሳጫውት ድምፁን ከወትሮው ትንሽ ከፍ አደርገዋለሁ። የአዲስ አበባውን የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ሠሪ የሚካኤል ሰይፉን ሥራም በ2014 በሸክላ ያወጣው የዚሁ ከተማ አንድ ትንሽ አሳታሚ ነው፤ ክሩ አልተበጠሰም።

ከነጂዎቹ አንዱ ጋሼ የምላቸው ናቸው። ስማቸውን አልጽፍም፤ አይወዱትም። በመጀመሪያው ዓመት ደውለው «ልጄ፣ ምን እንደምታጫውቺ አልገባኝም፤ ግን አታቁሚ» አሉኝ። ስልኩን ዘጉት።

ባለፈው ክረምት የሆነውን ልናገር። የኤሊያን ራዲግን ሥራ አስገባሁ። ፈረንሳዊት ናት፤ ኤአርፒ 2500 በሚባል ትልቅ ሲንተሳይዘር ለዓመታት ብቻዋን ስትሠራ የኖረች። ድምፁ እጅግ ዝቅ ብሎ ይጀምራል፤ መጀመሪያ የሚመስለው የራስህን ደም ነው። ጣቢያችን ውስጥ ዝምታን የሚጠብቅ መሣሪያ አለ፤ ድምፅ ከተወሰነ ልክ በታች ወርዶ አንድ ደቂቃ ከቆየ፣ እዚህ ያለው ሰው አንድ ነገር ሆኗል ብሎ የተቀዳ ፕሮግራም በራሱ ይለቃል። ትክክለኛ ነገር ነው፤ ዝም ያለ ጣቢያ ሰው ያስደነግጣል። እኔ ግን የማዳምጠው ከሚክሰሩ፣ ድምፁን ከሚቀላቅለው መሣሪያ፣ የሚወጣውን ነበር እንጂ አየር ላይ ያለውን አልነበረም። መብራቱን አጥፍቼ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ያ ድምፅ እንደ ጎህ ቀስ እያለ ሲወጣ እከታተላለሁ። ስልኩ ብልጭ አለ።

«ልጄ፣ ያ ነገር የት ሄደ?»

«የቱ ጋሼ?»

«ያ የሚመጣው። መጣ መጣ እያልኩ ስጠብቅ የስኳር በሽታ ምክር በስፓኒሽ ገባበት።»

11 ደቂቃ አልፎ ነበር። እጄ እየተንቀጠቀጠ ወደ ቦታው መለስኩት። ይቅርታ ጠየቅኩና ሥራውን ከመጀመሪያው አስጀመርኩት። ያ ሌሊት ግን ከጥፋቱ ይልቅ በሌላ ነገር ነው አእምሮዬ ውስጥ የቀረው። መሣሪያው ዝምታ ብሎ የቆጠረውን እሳቸው መኪና ውስጥ፣ ማሞቂያው እየነፈሰ፣ ሲከታተሉት ነበር። «መጣ መጣ» ነው ያሉት። ስለዚያ ሥራ ብዙ ጽሑፍ አንብቤያለሁ፤ እንደዚህች ሁለት ቃል የገለጸልኝ የለም።

አሜሪካዊው የሙዚቃ ደራሲ ጆን ኬጅ እ.ኤ.አ. በ1951 ኒውዮርክ ውስጥ 12 ሬዲዮ መድረክ ላይ አስቀምጦ፣ በእያንዳንዱ ሁለት ሰው መድቦ አንዱ መቃኛውን ሌላው ድምፁን እንዲያዞሩ አደረገ። ዝግጅቱ ሌሊት ገፍቶ ስለነበር ብዙ ጣቢያዎች ዘግተው ነበር፤ የተሰማው ጥቂት ነገር ነው። ብዙዎቹ እንደ ውድቀት ይተርኩታል። እኔ እዚያ ብኖር ደስ እያለኝ እወጣ ነበር። የአባቴን 12 እጅ ነው የማየው።

በጎ ፈቃደኞቹ ስብሰባ ላይ፣ ሌሊት ሰው ከማምጣት የቀኑን ፕሮግራም ደግመን በኮምፒውተር ብንለቅ የሚል ሐሳብ ተነስቶ ያውቃል። «ማን ነቅቶ ይሰማል?» ነው ጥያቄው። የስፓኒሹን ታሪክ ነገርኳቸው። አሁን የዝምታ ጠባቂው ልክ ለሁለት ሰዓት ያህል ዝቅ ይልልኛል፤ እኔም አየሩን ከሚክሰሩ እኩል በሌላ ትንሽ ሬዲዮ አዳምጣለሁ። ነገሩ በዚያው አለቀ።

በዚህ ዐቢይ ጾም አንዱን ሐሙስ በእንግድነት ሌላ ሰው ስቱዲዮውን እንዲይዝልኝ አድርጌ፣ ሁለቱን ሰዓት አስቀድሜ ቀድቼ ሰጠሁ። በሰባት ዓመት ውስጥ ፕሮግራሜን አንድም ቀን በአየር ላይ፣ እንደ ሰው፣ በመኪና ሬዲዮ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ጋሼ መጥተው ወሰዱኝ። ከፊት ወንበር ላይ የተጣጠፈ ጋቢ ነበር፤ አንስተው ጉልበቴ ላይ አደረጉልኝ። ጆርጂያ አቬኑን ይዘን ወደ ሰሜን ሄድን። መንገዱ ባዶ ነው። የሰማሁት ድምፅ የኔ ነበር፤ «ነቅታችሁ ያላችሁ ሁሉ» ሲል ከማስበው በላይ ቀርፈፍ ብሎ፣ ደክሞ። ከዚያ በገናው ገባ።

ዊተን ስንደርስ ድምፁ መቆራረጥ ጀመረ። አጭር ሞገድ ላይ ሁለት ጣቢያ ሲጋጭ ይደባለቃል፤ አንዱ በአንዱ ውስጥ ይሰማል። ኤፍኤም እንዲያ አይደለም። የበረታው ደካማውን ጠቅልሎ ይውጠዋል። ቀይ መብራት ይዞን ስንቆም በገናው ነበር፤ አረንጓዴ ሆኖ አንድ ሜትር ስንገፋ ሌላ ጣቢያ፣ የመኪና ማስታወቂያ፣ ጥርት ብሎ ገባ።

«እዚህ ጋ ነው የምታልቂው» አሉኝ።

ቦታውን ያውቁታል። ማደያው ግቢ ገቡና መኪናውን አቆሙ። ማስታወቂያው ይጮሃል። ክንዳቸውን ወንበሬ ጀርባ ላይ አድርገው፣ ዞር ብለው የኋላውን መስኮት እያዩ፣ ቀስ ብለው ወደ ኋላ መለሱት። ግማሽ ሜትር። ትንሽ ደግሞ። በገናው ተመለሰ፤ ከነንዝረቱ።

«ሐሙስ ሐሙስ እዚህ ነው የሚቆሙት?» አልኳቸው።

«ወደዚህ ሰው ካደረስኩ።»

«እስከ ስንት ሰዓት?»

ሞተሩን አጠፉና ቁልፉን ሬዲዮኑ እንዳይጠፋ ግማሽ መንገድ ላይ ተዉት።

«እስክትጨርሺ።»